‹አይቻለሁ› ያለው ማን ነው?

«ስምሽ እኮ እዚህ አለ» አሉ ርዕሰ መምህሯ፣ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ እየገፉ። «ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። ‹ተረኛዋ አይታለች› ይላል። አንቺ ‹አላየሁም› ስትዪኝ እንግዲህ ማንን ልመን?»

ብሎን ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት ስም ጠሪው መምህር ብቻ ሲሆን ለሌላው ሁሉ ብሎን ናት። ስሙ የወጣላት በአንድ በኩል አባቷ መካኒክ ስለሆነ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ አጭር ሆና አንድ ነገር ላይ አንዴ ከጠበቀች የሚፈታት ስለጠፋ ነው። 

«እኔ ጋ ምንም ኢሜይል አልመጣም» አለች።

«ኢሜይል መጥቶ ይሰረዛል።»

«አልሰረዝኩም!»

ተማሪው ሁሉ ‹ቲቸር› ብቻ የሚላቸው የኮምፒዩተር መምህር ከጎኗ ተቀምጠው ጫማቸውን ያያሉ። ቲቸር ለኮምፒዩተር ክበባቸው ልጆች ሲሆን ከማንም ጋር የሚሟገቱ ሰው ናቸው። የእሳቸው ዝምታ ከርዕሰ መምህሯ ንግግር በላይ አሳመማት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮምፒዩተር ላቦራቶሪው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የትምህርት ቤቱ ሰርቨር አለ፤ የተማሪው ሥራ፣ መጽሐፉ፣ ቅጂው ሁሉ የሚቀመጥበት ትልቅ ኮምፒዩተር። ዕድሜው የገፋና ቀኑን ሙሉ ሲያቃስት የሚውል ስለሆነ የኮምፒዩተር ክበቡ ልጆች ‹እማማ› ይሉታል። ይሏቸዋል ማለት ይሻላል፤ እማማን ‹አንቺ› የሚል የለም። እማማን የሚጠብቅ ተቆጣጣሪ ፕሮግራምም አለ። ክፍሉ ሲሞቅ ለሳምንቱ ተረኛ ተማሪ ኢሜይል ይልካል። ተረኛው ኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ‹አይቻለሁ› የሚል ሊንክ ይጫንና ወደ ክፍሉ ይሮጣል። በሩብ ሰዓት ውስጥ የተጫነ ከሌለ ፕሮግራሙ ለቲቸር ይጽፋል። ከተጫነ ግን ‹ሰው አግኝቻለሁ› ብሎ ዝም ይላል።

ባለፈው ሐሙስ የክፍሉ ማቀዝቀዣ ቆመ። ፕሮግራሙ ጻፈ፣ ‹አይቻለሁ› ተባለ፣ ፕሮግራሙ ዝም አለ፣ ማንም ግን አልሄደም። እማማ ግለው ግለው ከሰዓት በኋላ ዲስካቸው ተቃጠለ። አዲስ ዲስክ ተገዝቶ የቆየው ሥራ ከመጠባበቂያ ቅጂ ተመለሰ፤ የዚያን ሳምንቱን ግን ውሃ በላው። ከዚያ ውስጥ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች በድምፅ የተቀዳ የታሪክ መጽሐፍ ስምንት ምዕራፍ ነበረበት። የሳምንቱ ተረኛ ደግሞ ብሎን ነበረች።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ርዕሰ መምህሯ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ይዘነጋል። ‹አይቼ ረሳሁት› ካልሽ በምክር እናልፈዋለን። ‹አላየሁም› ካልሽ ግን ውሸት ነው። የሚዋሽ ልጅ ደግሞ የሰርቨር ክፍል ቁልፍ አይዝም። እስከ ዓርብ አስቢበት። ዓርብም ይህንኑ የምትዪ ከሆነ ከክበቡ ትወጫለሽ፣ ለአባትሽም ደብዳቤ ይጻፋል።»

ብሎን ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ኮሪደሩ ላይ ሬዲዮ ይጠብቃታል። ሬዲዮ የልብ ጓደኛዋ ነው፤ ድምፁ ያማረ፣ ወሬው ማቆሚያ የሌለው። ስምንቱን ምዕራፍ ጉሮሮው እስኪዘጋ ያነበበው እሱ ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«‹ረሳሁት› በይ አሉኝ።»

«በያቸዋ! ምን ችግር አለው? እኔም አሁን ተናድጄብሻለሁ፣ ግን ይቅር እልሻለሁ። ሰው ነሽ፣ ረሳሽ፣ አለቀ።»

«አልረሳሁም እኮ ነው የምልህ። አልደረሰኝም!»

ሬዲዮ ቃል አጠረው። ይህ በዓመት አንዴ የሚሆን ነገር ነው። «ታዲያ ማሽን ይዋሻል እንዴ?» አለና ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄደ። የብሎን ደም ፈላ። ያላደረገችውን ‹አድርጌያለሁ› ብትል ሁሉም ሰው ሊታረቃት ተሰልፏል፤ ጠላት የምታፈራው እውነቱን ስትናገር ብቻ ነው።

ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ላቦራቶሪ ሄዳ ቲቸርን ለመነቻቸው። «እኔ ምንም አልነካም። እርስዎ ይንኩ፣ እኔ ከጎን ሆኜ ልይ።»

ቲቸር እንቢ አላሉም። ተቆጣጣሪውን ፕሮግራም ከፍተው፣ እንዳለፈው ሳምንት ብሎንን ተረኛ አድርገው ‹ሙከራ ላክ› የሚለውን ተጫኑ። ብዙም ሳይቆይ የብሎን ስልክ ጮኸ። ‹ሙከራ› የሚል ኢሜይል ገብቷል።

«ይኸው» አሉ ቲቸር። ደስ ብሏቸው አልነበረም። «አድራሻሽ ትክክል ነው፣ መንገዱም ክፍት ነው። ቢሆንልሽ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።»

አላስፈላጊ ኢሜይል የሚጣልበትን ፎልደርም አዩት፤ ባዶ ነው። የሐሙሱን መዝገብ ከፈቱ፤ ተልኳል፣ ታይቷል ይላል። ብሎን ቁጥሮቹን እንዳሉ ደብተሯ ላይ ገለበጠች፣ ምን እንደምትፈልግባቸው ግን አታውቅም። ከላቦራቶሪው ስትወጣ እንባዋ አፋፍ ላይ ነበር።

ወደ ቤት አልሄደችም፤ አባቷ ጋራዥ ሄደች። ደብዳቤው ሳይቀድማት ከራሷ አፍ ይስማ ብላ ነው። አባቷ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእግሩ ተረከችለት።

«አይተሻል አላየሽም?» ሲል ጠየቀ ከሥር።

«አላየሁም አባዬ።»

«እንግዲያው አላየሽም።»

ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። ብሎን ከሰኞ ጀምሮ አንቃ የያዘችውን ልቅሶ እዚያው ለቀቀችው። አባቷ ተንሸራቶ ወጣ። እጁ በግራሶ ስለተለቀለቀ በክርኑ ትከሻዋን ገፋ አደረጋት።

«ሙከራው ግን ደረሰኝ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ይሠራል ማለት ነው።»

«ማን አለ? ነይ እስቲ እዪ።» ጋቢና ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ዳሽቦርዱ ላይ የነዳጅ መብራት ቦግ ብላ ጠፋች። «ይቺ ቁልፍ ባዞርኩ ቁጥር ትበራለች። አምፖሏ ደህና ነው ማለት ነው። ነዳጅ ሲያልቅስ ትበራለች ወይ? እሱን ቁልፉ አይነግርሽም። ባለቤቱ እሷን አምኖ ተሳፋሪ እንደጫነ ነዳጅ አልቆበት መሀል መንገድ ላይ ቆመ። የነዳጁን ነገር ማወቅ ከፈለግሽ ነዳጁን ቀንሰሽ ነው የምታዪው።»

 ብሎን ደብተሯን አወጣች። እስካሁን ስታይ የነበረው ሰዓቱንና ደቂቃውን ነበር፤ አሁን ከደቂቃው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አየች። ኢሜይሉ የተላከው ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ከአንድ ሰከንድ ላይ ነው። ‹ተረኛዋ አይታለች› የተባለው ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ከሦስት ሰከንድ ላይ።

«አባዬ፣ ሰዓት ያዝልኝ!»

ስልኳን ኪሷ ከተተች። «ጀምሪ» ሲላት አወጣች፣ ከፈተች፣ ኢሜይል ፈለገች፣ ተጫነች። አሥራ አንድ ሰከንድ። ደገመችው፤ ዘጠኝ። ሦስተኛው ላይ ከመቸኮሏ የተነሣ ስልኩ ከእጇ አምልጦ የጎማ ክምር ውስጥ ገባ። የጋራዡ ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው ይስቁባት ጀመር።

«በሁለት ሰከንድ የሚደርስ ጣት የለኝም» አለች ብሎን፣ ጎማው ውስጥ እንደተጎነበሰች። «ማንም የለውም!»

ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ሬዲዮን ፈልጋ፣ ሰላም እንኳ ሳትለው ስልኩን ከኪሱ አወጣችበት። «መልሰህ ክተተው። ‹ጀምር› ስልህ አውጥተህ አንድ ኢሜይል ከፍተህ በሁለት ሰከንድ ተጫን።» ሬዲዮ ውድድር ነገር ነፍሱ ስለሆነ ለምን ሳይል ጀመረ። ስድስት ጊዜ ሞከረ። የእሱ ምርጥ ስምንት ሰከንድ ሆነ። ከዚያ ደብተሯን አሳየችው።

ሬዲዮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ቃል አጠረው። «ሼም ያዘኝ» አለ በመጨረሻ። «ይቅርታ ብሎን።»

«ይቅርታህን አቆየው። አሁን እማማን ማሞቅ አለብኝ።»

«ምን?»

«ሙከራ የሚለውን ቁልፍ መጫን ሳይሆን እውነተኛ ሙቀት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው የሙቀት መለኪያ አለች አይደል? እሷ ላይ ብቻ ትኩስ አየር የሚነፋ ነገር ያስፈልገኛል።»

ሬዲዮ አገጩን አሸ። «እህቴ የፀጉር ማድረቂያ አላት። ካወቀች ግን በሕይወት አልገኝም።»

ዓርብ ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ብሎን ርዕሰ መምህሯ ቢሮ በር ላይ ቆማ «መልሴን የምሰጠው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው» አለች።  ርዕሰ መምህሯ ሰዓታቸውን አዩ፤ ያም ሆኖ ተከተሏት።

ላቦራቶሪው ውስጥ አሥሩም የክበቡ ልጆች ቆመዋል። ስልካቸውን ሁሉ በአንድ ካርቶን ሰብስባ ካርቶኑን ርዕሰ መምህሯ ፊት አስቀመጠች፤ የራሷን ከሁሉም በላይ። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ቲቸር እንደ ማክሰኞው ብሎንን ተረኛ አድርገው የእማማን ክፍል በር ከፈቱ፣ ሬዲዮም የእህቱን ማድረቂያ መለኪያዋ ላይ ደገነ።

«ንፋ!»

ማድረቂያው ማጓራት ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ሃያ አራት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ሦስት እያለ ወጣ። አርባ ሲደርስ ቀይ መስመር ብቅ አለ። ‹ማንቂያ ተልኳል፤ ለተረኛዋ›። ሁሉም ካርቶኑን አየ። ካርቶኑ ጭጭ። ቀና ከማለታቸው በፊት ስክሪኑ ላይ ሌላ መስመር ተጨመረ። ‹ተረኛዋ አይታለች›።

ርዕሰ መምህሯ የብሎንን እጅ አዩ። ሁለቱም አየር ላይ ናቸው፣ አሥሩም ጣት ተዘርግቷል።

«ድገሙት» አሉ።

መለኪያዋ እስክትበርድ ጠብቀው ደገሙት። ያው ሆነ። ሦስተኛ ጊዜም ያው ሆነ። ርዕሰ መምህሯ ወንበር ስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ታዲያ ማን ነው የሚጫነው?» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

ልክ በዚህ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ወረቀት ይዘው ጥልቅ አሉ። «የወላጅ ደብዳቤው ደርሷል፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው…» ብለው ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ አረፈ። የማንቂያው ርዕስ በትልቁ ተጽፏል፦ ‹አስቸኳይ! እማማን ትኩሳት ይዟቸዋል! ቶሎ ብለው ይህን ይጫኑ!›

«ይቺ አጭበርባሪ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለች?» አሉ ጸሐፊዋ። «አሁን ለምሳ ልወጣ ስል እኔ ማሽን ላይ ሦስት ጊዜ ብቅ ብላ ያነቅኳት እኮ ናት!»



«እትዬ፣ የት ነው ያነቋት?» አለች ብሎን ቀስ ብላ፤ ነገሩ እንዳይሰበር የፈራች ትመስላለች።

«ማጣሪያው ላይ ነዋ! ንብረት ክፍሉ ‹እናትዎ ታመዋል፣ ይህን ይጫኑ› ቢሉት ተጭኖ ኮምፒዩተሩን በቫይረስ ካስበላ ወዲህ የኢሜይል ማጣሪያ ገዝተን የለም እንዴ? ሁለት ሳምንቱ ነው። እንዲህ ዓይነት ‹ታመዋል፣ ተጫኑ› የሚል ሲመጣ ወደ ሰው ሳይደርስ ይይዘዋል። እኔ ደግሞ እሰርዘዋለሁ።» ጸሐፊዋ በሥራቸው ኮርተው ደረታቸውን ነፋ አደረጉ።

ቲቸር ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ከመያዙ በፊት ሊንኩን ከፍቶ ያያል?»

«ያያል እንጂ! ወጥመድ መሆን አለመሆኑን ሳያረጋግጥ ማንን ያስራል?»

«እሱ ነው!» ብሎን ጮኸች። እጇን አሁንም አላወረደችም። «እሱ ነው የተጫነው! ሊንኩን ሲከፍት ፕሮግራሙ እኔ የተጫንኩ መሰለው። ከዚያ ኢሜይሉን ራሱን አሰረው። ‹ሙከራ› ሲባል ግን የታመመም የለ፣ ሊንክም የለ፤ ዝም ብሎ አሳለፈው!»

ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ወደ ቢሯቸው ሮጡ። ቲቸር ለመጨረሻው ሙከራ የአሥሩንም ልጆች አድራሻ አስገቡ። «ለእማማ የይለፍ ፈቃድ ሰጥቻለሁ!» የሚል ድምፅ ከኮሪደሩ ማዶ ተሰማ። ሬዲዮ ማድረቂያውን ደገነ። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ ስድስት። አርባ። ቀዩ መስመር ወጣ። አንድ ሰከንድ ሄደ፣ ሁለት ሄደ፣ ሦስት።

መጀመሪያ የጮኸው የብሎን ስልክ ነው። ከዚያ የቀሩትም ተከታትለው ጮኹ። አንዱ ዶሮ ይጮኻል፣ አንዱ ከበሮ ይመታል፣ አንዱ በባለቤቱ እናት ድምፅ «ስልክህን አንሣ አንተ ልጅ!» እያለ ይቆጣል። ካርቶኑ ከንዝረቱ ብዛት ጠረጴዛው ላይ መራመድ ጀመረ። ልጆቹ እየጮኹ ብሎንን ከበቧት፣ ቲቸር በሁለት ጣታቸው አፏጩ፣ ርዕሰ መምህሯም ሳይታወቃቸው እጃቸውን ያጨበጭቡ ነበር። ብሎን በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ርዕሰ መምህሯ ደብዳቤውን አንሥተው አራት ቦታ ቀደዱት። ከዚያ በልጆቹ ሁሉ ፊት «አላመንኩሽም ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» አሉና ቁልፉን በገዛ እጃቸው አንገቷ ላይ አጠለቁላት። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠበቅ አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህን ርዕስ የጻፈው ማን ነው? በቀልድ ምክንያት ስምንት ምዕራፍ አጥተናል። የጻፈው ሰው ዓመቱ እስኪያልቅ ቁልፍ አይዝም።»

ቀልድ በተባለ ቁጥር የሁሉም ዓይን የሚዞረው ወደ ሬዲዮ ነው፤ አሁንም ዞረ። ሬዲዮ ብሎንን በጨረፍታ አያት። ከዚያ ጭንቅላቱን አከከና «እንግዲህ… እኔ መች አርፋለሁ» ብሎ ፈገግ አለ።

«ገምቼ ነበር» አሉ ርዕሰ መምህሯ። «አንተ ከእንግዲህ ድምፅህን ብቻ ነው የምንፈልገው።» ወደ ብሎን ዞሩ። «አንቺ ደግሞ የሆነውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፊልኝ። ዛሬውኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ሌላውም ይማርበት።»

ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሬዲዮ ማይክሮፎኑን ተክሎ አንደኛውን ምዕራፍ እንደገና ለማንበብ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ብሎን ሪፖርቱን ትጽፋለች። ሁለቱ ሰከንድ፣ ማድረቂያው፣ ማጣሪያው፣ ሁሉም እየፈሰሰ መጣላት። ‹ማጣሪያው ኢሜይሉን ለምን ያዘው?› የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

አምና የማንቂያው ርዕስ ‹የሙቀት ገደብ ታልፏል፣ ኮድ ሰባት› ነበር። ማንም አይከፍተውም ነበር። አንድ ቀን ስልችት ሲላት ስለ እማማ ትኩሳት የጻፈችው እሷ ናት፤ ይህን የሚያውቀው ሬዲዮ ብቻ ነው። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ ከዚያ ወዲህም ማንቂያ ችላ ያለ ተረኛ አልነበረም። እስከ ዛሬ ስድስት ሰዓት ድረስ በዚያች መስመር ትኮራባት ነበር።

«ለምን ‹እኔ አይደለሁም› አላልክም?» አለችው።

«ሰኞ ስላላመንኩሽ።» ሬዲዮ ማይክሮፎኑን እንጂ እሷን አላየም። «ደግሞ እኔ ተረኝነት ምን ያደርግልኛል? አንቺ ግን ያለዚያ ክፍል ታብጃለሽ። ተይው በቃ። ማንም አልጠየቀሽም እኮ።»

«አዎ፣ አልጠየቀኝም» አለችና መጻፏን ቀጠለች።

ሬዲዮ ተነሥቶ ከኋላዋ መጥቶ አነበበ። ‹ማጣሪያው የሠራው ሥራውን ነው። ርዕሱ የአጭበርባሪ ደብዳቤ ይመስል ነበር። እንዲያ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ እንጂ ሬዲዮ አይደለም። ጥፋቱን የወሰደልኝ ጓደኛዬ ስለሆነ ነው።›

«ቁልፉን ይወስዱብሻል።»

«ይውሰዱት። እኔ ደግሞ ጊዜ ስለሚኖረኝ ከስምንቱ ምዕራፍ አራቱን አነብልሃለሁ።»

«አንቺ? በዚያች በትንኝ ድምፅሽ?» አለ ሬዲዮ። «ማየት የተሳናቸው ልጆች ምን በደሉሽ?»

ብሎን ከልቧ ሳቀች። ገጹን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አነበበችው፤ አንዲት ፊደል አልቀየረችም። ወረቀቱ ከማተሚያው ትኩሱን ሲወጣ ፈረመችበትና፣ የርዕሰ መምህሯ ቢሮ ሳይዘጋ ለመድረስ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።